ጫኖ ነው በሏት

ከቪየና የመጣው የግብዣ ደብዳቤ ላይ ሦስት ስም ነበረበት፤ የእናቴ፣ የእኔና የአባቴ። አባቴን ከቀበርነው ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆኖት ነበር።

ደብዳቤውን ያተምኩት መሥሪያ ቤት ነው። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው፤ ወረቀት የጠፋበት ሁሉ እየተነጫነጨ ወደ እኔ ይመጣል፣ እኔም ከአቧራ ውስጥ ፈልጌ አወጣለታለሁ። በሌላው ልታማ እችላለሁ፣ በወረቀት ግን አልታማም። ያን ቀን ግን ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ ማንም ሳያየው በእጄ ከለልኩት። እህቴ የአባዬን ስም እስከ አያት ጽፋ፣ ከጎኑ «ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር» ብላ ጨምራለች። ፈረንጆቹ ገናን ከሚያከብሩበት ሳምንት ጀምሮ የእኛ ገና እስኪያልፍ ሦስታችንም እሷ ቤት እንደምናርፍ ይናገራል። ቶሎ ብዬ አጣጠፍኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አብረውኝ የሚሠሩት ሁሉ ቀብሩ ላይ ነበሩ፤ ቢያዩት ምን እላቸዋለሁ?

ይህን የሚሰማ ሰው አብደዋል እንዴ ይል ይሆናል። አላበድንም። የፈለግነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እህቴ የአባቷን ሞት ሰው አገር ብቻዋን እንዳትሰማ።

አባዬ የወደቀው ከከተማ ወጣ ብሎ ጫኖ በሚባለው ቀበሌ፣ ማሳው ውስጥ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ኑሮው እዚያው ነበር ማለት ይቻላል፤ ማንጎውንና ሙዙን ሲያጠጣ ይውልና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከተማ፣ ሴቻ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ይመለሳል። የዚያን ቀን የውሃ ተራው ነበር። ቦዩን እንደከፈተ ወደቀ፤ ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ። ከማሳው ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው።

እህቴ ያን ጊዜ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ ከልጁ አባት ጋርም ተለያይታለች። ቪየና ውስጥ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፣ የሰው አባት ስታጥብና ስታጎርስ ትውላለች። የአባዬ ታላቅ ወንድም ከጨንቻ ወርደው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ነበርና ስልኬን ሳነሳ አዩኝ። «አስቀምጪው» አሉኝ። «በስልክ መርዶ አይነገርም። ሁለት ነፍስ ናት፤ ማን ደግፎ ያስለቅሳታል? ትውለድና ሰው ይሄድላታል።» ለቀስተኛው ሁሉ ልክ ናቸው አለ። እሳቸውም ወጣቶቹን ሰብስበው፣ የቀብሩን ፎቶ የለጠፈ ወዮለት ብለው አስጠነቀቁ። ማንም አልለጠፈም። አገሬው ሁሉ ቃሉን ጠበቀ፣ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ወለደች። አራስ ናት ተባለ። ከአራስነት ወጣች፤ ታጠባለች፣ ድንጋጤ ወተት ያደርቃል ተባለ። ልጁ ዓመት ሞላው፤ የመኖሪያ ወረቀቷን እያሳደሰች ነው፣ አሁን አትነካ ተባለ። ለመርዶ የሚመች ቀን የለም ለካ።

እስከዚያው ታዲያ መኖር አለብን። እሷ በቪዲዮ ስትደውል እኔ «እትዬ፣ አምስት ደቂቃ ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ» እላለሁ። በዚያች አምስት ደቂቃ እማዬ ጥቁሯን አውልቃ አበባማውን ቀሚሷን ትለብሳለች፤ ያዘቀዘቀችውን ነጠላ ታቃናለች። ከዚያ ተቀምጣ ትስቃለች። ስልኩ ሲዘጋ እንደገና ትነሳና ጥቁሯን ትለብሳለች። አንድ ቀን ይህን ስታደርግ አይቼ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ እሷ ግን ሽንኩርቱን አቁላይ እንጂ ብላ ተቆጣችኝ።

«አባዬስ?» ይመጣል ቀጥሎ።

«ጫኖ ነው።»

ጫኖ ኔትወርክ ያስቸግራል፣ እህቴም ታውቃለች። እማዬ እግዜርን የምትፈራ ሴት ናት፤ ውሸት አይወጣትም። ይህን ግን ሳታቅማማ ትናገረዋለች። ውሸት አይደለም ትለኛለች፤ ጫኖ አይደል እንዴ ያለው?

እህቴ ግን ድምፁን እፈልጋለሁ አለች። አባዬ በስልክ መጻፍ ስለማይወድ ድምፁን እየቀዳ ነበር የሚልክላት፤ የማይሆንለት ጊዜ ደግሞ ቀድቶ መላኩን ይረሳዋል። ስልኩን ከፍቼ ሳይላኩ የቀሩ ሦስት አገኘሁ። እንኳን አደረሰሽ፣ ደህና ነኝ፣ ማንጎው ጥሩ ይዟል፣ በርቺ የሚሉ ናቸው። አንዱን ለእንቁጣጣሽ ላክሁላት። ሁለተኛውን ለገና። ሦስተኛውን ለፋሲካ። ሦስተኛው መጨረሻ ላይ ሳል አለበት። እህቴ ሳሉን ሰምታ ተጨነቀች፣ ጉንፋን ነው አልኳት። እሷም በሰው እጅ የሳል ሽሮፕ ላከችለት። ጠርሙሱ ሳይከፈት እስከ ዛሬ ቁም ሳጥኑ ላይ አለ።

ከሁሉ የባሰው ግን የስሙ ነገር ነው። ልጁን ክርስትና ልታስነሳው ስትል፣ ስሙን አባዬ ያውጣለት፣ ሌላ ስም አልቀበልም አለች። ያን ቀን ምን እንደምናደርግ ጠፋን። በማግስቱ ጠዋት እማዬ ከአልጋዋ እንደተነሳች መጥታ አንድ ስም ነገረችኝ። «አባትሽ ነው ያለው» አለች። በሕልምሽ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ዝም ብለሽ ጻፊ አለችኝ። ጻፍኩ፤ አባዬ እንዲህ ብሎ ጠርቶታል አልኩ። ልጁ ይኸው ዛሬ በዚያ ስም ይጠራል።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። ማን እንዳለው እንጃ፤ የእኛስ እያደር ከበደ። አንድ ቅዳሜ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አጥቼ እማዬን ብጠይቃት፣ «አባትሽ ጫኖ ይዞት ሄዶ ይሆናል» አለችኝ። እህቴ አልደወለችም። ስልክ አጠገባችን አልነበረም። ይህን ብላ ምስሯን መልቀሟን ቀጠለች። ከዚያ ቀን ወዲህ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጆሮዬ የአጥሩን በር መጠበቅ ጀመረ። ባጃጅ ደጃችን ላይ ዝግ ሲል እሷም እኔም እኩል ቀና እንላለን። ባጃጁ ያልፋል። አንዳንዴም ከጓሮ ያ ሳል ይሰማኛል። ጎረቤት ነው፣ ነፋስ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። እውነቱን ልናገር ካልሁ እናቴን ፈራኋት፤ ከእሷ ይልቅ ግን ራሴን ፈራሁ።

እንግዲህ የግብዣው ደብዳቤ የመጣው እዚህ ላይ ነው። እህቴ ለወራት ስታቅድ ኖራለች። አባዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዳኑብን ወንዝ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሲስል የኖረ ሰው ነው፤ መጽሐፍ ሳያይ፣ ከምንጩ እስከ ጥቁር ባሕር። እኛ ልጆቹ ዓባይን ሳናውቅ ዳኑብ የሚያልፍባቸውን ከተሞች በቃላችን እንል ነበር። እህቴ ወንዙ አጠገብ መኖሯን ሲሰማ፣ «ውሃው ሰማያዊ ነው ይላሉ፤ አይተሽ እውነቱን ንገሪኝ» ብሎ አዟት ነበር። ጎመን የተቀቀለበት ውሃ ይመስላል ብላ ብትነግረው አላመናትም። እና አሁን ራሱ መጥቶ ይየው ነው የምትለው። በበዓሉ ማግስት፣ ልጁን በጋሪ እየገፋች፣ አባዬን ወንዙ ዳር ልታቆመው።

ካፖርትም ገዝታለታለች። በቪዲዮ አሳየችን፤ ቡናማ፣ ወፍራም፣ ከበሯ ጀርባ የተሰቀለ። ልኩ ነው ወይ አለች። አበባማ ቀሚሷን ለብሳ የተቀመጠችው እማዬ ጎንበስ ብላ አየችውና፣ «ትከሻው ላይ ይጠበዋል» አለች። እህቴ በሳምንቱ በሰፊ ቀየረችው።

ነገሩ ሲጠናብኝ ጨንቻ ወጣሁ። አጎታችን በጉም መሀል ጋቢ ደርበው አገኘኋቸው። ደብዳቤውን አንብቤላቸው ሳበቃ ይኸው መንገዱ ተከፈተ አሉ። አባትሽ ጉልበቱን አሞት ቀረ በሏት፤ እናንተ ሁለታችሁ ሂዱ፤ እዚያ ያሉ ያገር ልጆች በማለዳ ይሰብሰቡና፣ እናቷ ይዛት ይነገራት አሉኝ። ለካ የምንጠብቀው ይህንኑ ነበር። ስወርድ ልቤ ቀለል ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

እማዬ ግን አልሄድም አለች።

ፓስፖርትሽ ደርሷል፣ ቀጠሮ ተይዟል፣ ምን ሆነሽ ነው ብዬ ጮህኩባት። እናቴ ላይ ጮህኩ። እሷ ግን አልተቆጣችም። ከማንጎው ሥር ተቀምጣ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለውን የደረቀ የሃለኮ ቅጠል እየለቀመች ነበር፤ እህቴ አምጡልኝ ያለችውን።

«እዚህ ሞቷል፤ ቀብሬዋለሁ» አለች። «እዚያ ግን አለ። ካፖርት ተገዝቶለታል። አንድ ያለበት ቤት ቢቀር እሱ ነው፤ ሄጄ ልግደለው?»

ቁጭ ብዬ አብሬያት ቅጠሉን ለቀምኩ። ስንጨርስ፣ ልጅሽ ነይ ካለችሽ እንዴት ትቀሪያለሽ አልኳት። በሦስተኛው ቀን እሺ አለች።

ለእህቴ የአባዬን ጉልበት ነገርናት። መጀመሪያ ተቆጣች፤ ራሱ ይንገረኝ አለች። ቀጥሎ ለመነች። በመጨረሻ ደብዳቤውን በሁለት ስም አስተካክላ ላከች፤ ካፖርቱን ግን አልመልስም፣ ሐሳቡን ቢለውጥስ አለች። እና እናታችን ወደ አገሯ እንደምትመለስ የሚያሳይ ማስረጃ ላኪልኝ፣ ማመልከቻውን እኔው ከዚህ እሞላዋለሁ አለችኝ። የቤቱን ካርታ፣ የዕድሩን ደብዳቤ፣ የጡረታውን ወረቀት።

አየህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ወደ እሷ እንዳያልፍ የጠበቅኩት በር ይሄ ነው። ከተዝካሩ የቀሩ ፎቶዎችን ደብቄአለሁ። የጎረቤት ሕፃናትን ሳይቀር አስጠንቅቄአለሁ። በምሳ ሰዓት ግን ወረቀቶቹን መዝገብ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ፣ በየተራ ፎቶ እያነሳሁ፣ እንዴት ጎበዝ እንደሆንኩ እያሰብኩ ላክሁላት። የእማዬ ጡረታ የአባዬ ጡረታ ነው። ወረቀቱ ላይ ከስሟ ሥር «የሟች ባለቤት» የሚል አለ፤ በጉልህ፣ ማኅተም ተመትቶበት። «ሟች» የሚለው ቃል በሥራዬ በቀን አሥር ጊዜ ያልፈኛል። አላየሁትም። ማታ ለእማዬ ላሳያት ስልኬን ስከፍት ነው ያየሁት፤ ያን ጊዜ ምልክቶቹ ሰማያዊ ሆነዋል፣ አንብባዋለች። የፈሩት ይደርሳል።

ሦስት ቀን አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም፤ ምን ብዬ? ለእማዬ ኔትወርክ የለም አልኳት። ለእሷም ዋሸሁ እንግዲህ። ብቻዋን ናት፣ ልጁን አቅፋ ወረቀቱን እያየች ነው፣ የሚይዛት የለም እያልኩ ሦስት ቀን አልበላሁም። እንዳትሰማው የሸሸግነውን እንዲያውም በከፋ መንገድ አሰማኋት፤ ከሰው አፍ እንኳን አይደለም፣ ከማኅተም ሥር።

በአራተኛው ቀን ገና ወፍ ሲንጫጫ ስልኩ ጮኸ። እማዬ ስልኩን ሰምታ እንደልማዷ ወደ ጓዳ ሮጠች። አነሳሁ። እህቴ ፊቷ አብጧል፤ የሥራ ልብሷን ለብሳለች።

«እማዬ ልብስ እንዳትቀይር በያት» አለች።

እማዬ አበባማውን ቀሚስ በአንገቷ አስገብታ እጇን ሳታስገባ ጓዳው በር ላይ ቆመች።

«ሁሌ አምስት ደቂቃ ቆይ የምትይኝ ለዚህ ነው አይደል?»

«ለዚህ ነው፣ እትዬ።»

ድምፁስ አለች። የድሮ ነው አልኳት። ሳሉስ አለች። እሱም። እያንዳንዱን በዝግታ ትጠይቃለች፣ እያንዳንዱን እመልሳለሁ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ ልጇ የተኛበትን አልጋ ዞር ብላ አየችና፣ «የልጄንስ ስም ማን አወጣው?» አለችኝ።

እኔ ነኝ የጻፍኩት ልል ነበር። እማዬ ቀሚሱን አውልቃ መሬት ጥላ፣ በጥቁሯ መጥታ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ልጇ በጥቁር ስታያት ይህ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። «እሱ ነው ያወጣው» አለቻት። «በዚህስ አልዋሸሁሽም።»

ተያዩ። እህቴ ራሷን ነቀነቀች፣ አመነቻት። እኔ ያን ጊዜ ልናገረው፣ ይውጣልኝ ብዬ «እትዬ፣ አባዬ እኮ...» ማለት ጀመርኩ።

«እንዳትነግሪኝ» አለች። «ወረቀት መርዶ አይነግርም፤ ስልክም አይነግርም። እኔ ምንም አልሰማሁም። መጥታችሁ፣ ይዛችሁኝ ንገሩኝ። አሁን ሥራ አለብኝ።»

ስልኩን ዘጋችው።

ቪዛው ወጣ። ታኅሣሥ ገባና ሻንጣ ማሰር ጀመርን፤ ሃለኮው፣ ዳጣው፣ በርበሬው፣ የልጁ የባህል ልብስ። እማዬ ሁለቱንም አጣጥፋ ከተተች፣ ጥቁሩንም አበባማውንም። አበባማው ለምን ስላት፣ እስክንነግራት ድረስ ምን ለብሼ ልግባ አለችኝ። ለካ የገባት ከእኔ በፊት ነው።

ምክንያቱም እህቴ መደወሏን ቀጥላለች። እኛም አምስት ደቂቃ ቆይ እንላለን። እማዬ ትቀይራለች። ሦስታችንም እናውቃለን፤ ሦስታችንም እንስቃለን። «አባዬስ?» ትላለች፤ «ጫኖ ነው» እላታለሁ። በድሮው ጊዜ ይህን ስል ውሸቴ እንዳይታወቅ ነበር የምፈራው። አሁን የምፈራው አሥራ አንድ ሰዓትን ነው፤ ጆሮዬ አሁንም ከበሩ ላይ አልወረደም፣ ስንሄድ ቤቱን ቆልፌ ለማን እንደምተወው አላውቅም።

ትናንት ስለ ጉዞው የመጨረሻውን ተነጋገርን። እሑድ ማታ እንደርሳለን። ከአውሮፕላን ማረፊያ ራሷ ትወስደናለች፤ እራት ሠርታ ታቆየናለች። በከተማው መብራት መሀል አሳልፋ ልታሳየን አስባለች፤ ልጁ መብራቱን ይወዳል። ሰኞ ሥራ እንዳትገባ ፈቃድ ጠይቃለች። ያገሯን ልጆች ራሷ አልጠራችም፣ እኔ በጎን እንደጠራኋቸው ግን ታውቃለች፤ ስኒ ስለማይበቃ ተጨማሪ ተውሳለች።

«እኔ ሰኞ ጠዋት ተኝቼ እቆያለሁ» አለችኝ። «ብነቃም አልነሳም። በሩን አንኳኩና ግቡ። እማዬ በዚህ በግራዬ በኩል ትያዘኝ፣ በቀኜ ልጁ ይተኛል።»

እሺ አልኳት። ጻፍኩት እንኳ፤ ልማዴ ነው፣ ሁሉን እጽፋለሁ።

ካፖርቱ አሁንም ከበሯ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ከጭንቅላቷ በላይ ትከሻው ይታየኛል። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ቆም አለች።

«አባዬስ?»

«ጫኖ ነው።»

«ሰላም በይልኝ» አለች።